ስማችን ከሰሌዳው ላይ ሲታጣ

ሥራ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በማሠልጠኛው ግቢ ደብተር ይዘን የምንመላለሰው እጩ መምህራን ነገ ከነገ ወዲያ የትምህርት ማስረጃችንን ይዘን ከአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት መቆማችን አይቀርም። ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በሰፊው እንማራለን። ለወራት ተመላልሰን በመጨረሻ «አላለፋችሁም» ስለምንባልበት ቀን ግን የሚያስተምረን ክፍለ ጊዜ የለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን ለመመልከት አስበናል። ማጽናናትማ ቡና ላይም ይገኛል። የኛ ዓላማ «አላለፋችሁም» በሚለው ቃል ውስጥ ምን ምን እንዳለ ፈታ አድርጎ ማሳየት ነው።

ሂደቱ ምን ይመስላል?

በአገራችን የተለመደው የቅጥር መንገድ ረጅም ነው። በመጀመሪያ ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩ በማስታወቂያ ይገለጻል። ተወዳዳሪው ዋናውንና ቅጂውን ማስረጃ ይዞ ይመዘገባል። ቀጥሎ በማስረጃ ብቻ ቅድመ ምርጫ ይደረጋል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና ይመጣል። ለመምህርነት ከሆነ በፈታኞች ፊት ናሙና ትምህርት መስጠት ይኖራል። በመጨረሻም ቃለ መጠይቅ ይደረግና የየፈተናው ነጥብ ተደምሮ ያለፉት ስም ይለጠፋል፤ ከሥራቸውም ተጠባባቂዎች ይጻፋሉ። በአንዱና በሌላው ደረጃ መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። በመጀመሪያው ዙር የተሰናበተ ሰው የሚያጣው የፎቶ ኮፒና የባጃጅ ሒሳብ ነው። እስከ መጨረሻው የዘለቀው ግን በየደረጃው ባለፈ ቁጥር ተስፋው ይጨምራል። ቤተሰብ ይሰማል፤ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት ይዳዳዋል። ልጁም ቢሆን በሐሳቡ የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ከፋፍሎ ጨርሷል፤ ይህን ያህል ለእናቴ፣ ይህን ያህል ለቤት ኪራይ፣ ይህን ያህል ለጫማ ብሏል። ስሙ ከሰሌዳው ላይ ሲታጣ በሐሳብ የጀመረው ኑሮ በሙሉ ነው አብሮ የሚፈርሰው። በቃለ መጠይቅ የወደቀ ሰው በጽሑፍ ፈተና ከወደቀው ይልቅ የሚያዝነው ለዚህ ነው። ሰነፍ ስለሆነ ወይም ስለተቅለሰለሰ አይደለም።

ሕመሙ እውነተኛ ነው

«ምን ያስለቅስሃል፣ ሥራ ነው እንጂ ሰው አልሞተ!» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ በቅንነት ቢባልም ስሕተት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ሰዎችን የአንጎል እንቅስቃሴ በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ አድርገው በኮምፒዩተር የኳስ ቅብብል አጫወቷቸው። ከጥቂት ቅብብል በኋላ ኳሱ ለአንዱ ተጫዋች እንዳይደርሰው ተደረገ። ያ ሰው ከጨዋታው እንደተገለለ ሲሰማው በአንጎሉ ውስጥ ከአካል ሕመም ስቃይ ጋር የሚያያዝ ክፍል ሲሠራ ታየ። አንድ ተራ የኳስ ጨዋታ ይህን ካደረገ የወራት ድካምና የእንጀራ ተስፋ ያለበት ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል። አንደኛው ዝምታ ነው። አንዳንድ ቀጣሪ ላላለፈው ሰው ምንም አይነግርም፤ «እንደውላለን» ይልና ይቀራል። ቁርጡን ያላወቀ ሰው ደግሞ ማዘንም መነሣትም አይችልም፤ ስልኩን እያየ ይከርማል። ሁለተኛው የሰው ዓይን ነው። ሐረር ትንሽ ከተማ ናት፤ ጀጎል ውስጥማ ወሬ ከባለቤቱ ይቀድማል። ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ሸዋ በር እስኪደርስ «እሺ፣ ምን ሆነልህ?» የሚለው ሰው ብዙ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ አንዱ «ቀድሞም አጥንተህ አልነበረም» ይላል፣ ሌላው «ሰው ከሌለህ ምን ትሆናለህ» ይላል። በዚህ የተነሣ ብዙ ጓደኞቻችን ከውጤቱ ይልቅ ከቤት መውጣቱን ይፈሩታል።

«አላለፋችሁም» ውስጥ ምን አለ?

እኛ እንደምናየው በአንድ እምቢታ ውስጥ አራት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ችግሩ አራቱን አንድ ላይ ጠቅልለን «እኔ አልረባም» ማለታችን ነው።

አንደኛው ቁጥር ነው። ለአንድ ቦታ ስድስት ሰው ለመጨረሻው ዙር ቢቀርብ አምስቱ ይወድቃሉ። ስድስቱም ጎበዞች ቢሆኑ አምስቱ ይወድቃሉ፤ ስድስቱም ሰነፎች ቢሆኑ ያው አምስቱ ይወድቃሉ። ይህ የመቀነስ ሒሳብ ነው፤ ስለ አምስቱ ሰዎች ችሎታ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ውጤት ስንሰማ አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንት ነበርን? ስንት ቦታ ነበር?» ብለን መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመለኪያው ጉድለት ነው። ስለ ፈተና አዘገጃጀት ስንማር አንድ መለኪያ ሊለካ የተነሣውን ነገር በትክክል መለካት አለበት እንባላለን፤ ይህም ተገቢነት ይባላል። ታዲያ ቃለ መጠይቅ ራሱ ምን ያህል ተገቢነት አለው? ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ምርምሮችን ጠቅልለው ባወጡት ጥናት፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ የተገኘ ነጥብና ሰውየው በኋላ በሥራው ላይ የሚያሳየው ውጤት ያላቸው ዝምድና 0.51 ነው፤ እንደመጣ በሚጠየቅበት ደግሞ 0.38 ነው ብለው ነበር። ፍጹም ዝምድና ቢሆን 1 ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳኬትና የሥራ ጓደኞቹ ሒሳቡን እንደገና ፈትሸው ቁጥሮቹን ወደ 0.42 እና ወደ 0.19 ዝቅ አድርገዋቸዋል። ከዚህ የምንረዳው ቃለ መጠይቅ፣ በተለይም እንደመጣ የሚጠየቀው፣ ሰውን በከፊል ብቻ የሚያሳይ መለኪያ መሆኑን ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተሰጠ ነጥብ የአንድን ሰው ሙሉ ዋጋ ሊናገር አይችልም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጀጎል ውስጥ በስሙ ሙዚየም ያለው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 በጅዳ፣ በሱዋኪን፣ በምጽዋና በሆዴይዳ ወደቦች ሥራ እየፈለገ ሲዞር ከርሞ ነበር። በመጨረሻ ኤደን ላይ የአንድ ቡና ነጋዴ ድርጅት ቀጠረውና በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ላከው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ለአንድ የፓሪስ ጋዜጣ ከዚህ አካባቢ የጦርነት ዜና ልላክላችሁ ብሎ ጠይቆ አልተሳካለትም። ይህ ሰው ዓለም እስከ ዛሬ የሚያነባቸውን ግጥሞች በዚያን ጊዜ ጽፎ ጨርሶ ነበር። በወደቦቹ ላይ የነበሩት ነጋዴዎች የሚፈልጉት ሒሳብ ያዥና ዕቃ ተቆጣጣሪ ነበርና በፊታቸው የቆመውን ሰው በዚያ ብቻ ነው የመዘኑት። አልተሳሳቱም፤ የፈለጉትን ነው የለኩት። ነገር ግን የለኩት አንዱን ጎኑን ብቻ ነበር። እኛንም የሚመዝነን ሰው የሚያየው አንዱን ጎናችንን እንደሆነ ማስታወስ ይገባናል።

ሦስተኛው የራሳችን ጉድለት ነው። ይህን መካድ አይጠቅምም። ናሙና ትምህርቱን በተሰጠው ደቂቃ ሳንጨርስ ቀርተን ይሆናል። ፊታችንን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባችንን ወደ ተማሪው አድርገን ይሆናል። ቋንቋም አለ፤ የሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፣ በዙሪያችን ያለው የምሥራቅ ሐረርጌ ዞንም የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። እዚህ ለመሥራት የሚፈልግ መምህር ቋንቋውን አላውቅም ብሎ ቢቀመጥ ጥፋቱን ወደ ሰው ሊያዞር አይችልም። ከአራቱ ነገሮች ውስጥ በእጃችን ያለው ይኸኛው ብቻ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመንም እሱ ነው።

ሆኖም ጉድለታችን እንኳ ሁልጊዜ የኛ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2014ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። አንድ ልጅ ሲወድቅ «አላጠናህም» ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ ግን መጻሕፍቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ አስተማሪውን፣ የታችኛውን ክፍል መሠረት መጠየቅ ግድ ነው። በዚያ ውጤት ያዘኑ ብዙ ልጆች ጥፋቱን በሙሉ በራሳቸው ላይ ጭነው ነበር። ከዚያ በኋላ የተጀመረው የማካካሻ ትምህርት ከወደቁት አንዳንዶቹ ሁለተኛ ዕድል ቢያገኙ ሊያልፉ እንደሚችሉ አሳይቷል።

አራተኛው አድልዎ ነው። ይህም አለ። ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ሰው በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በጾታው፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በትውልዱ ምክንያት ከሥራ ዕድል እንዳይገለል ይከለክላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት ይመለከታል። ስለዚህ በደል ደርሶብናል ብለን በቂ ምክንያት ካለን በወቅቱና በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብ ይገባል። ቡና ቤት ተቀምጦ «ሁሉም ነገር በዘመድ ነው» ማለት ግን አቤቱታ አይደለም። እንዲህ ያለው አነጋገር ሦስተኛውን ነገር፣ ማለትም ልናርመው የምንችለውን የራሳችንን ጉድለት፣ እንዳናይ ይጋርደናል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሀ. አንድ ሁለት ቀን እንዘን። ያመመን ነገር ስላመመን ማፈር የለብንም። በእነዚያ ቀናት ግን ትልቅ ውሳኔ አንወስን። «ከእንግዲህ መምህርነት በቃኝ» የሚል ቃል በዚያ ሰሞን ቢወጣ የሚናገረው ሕመሙ ነውና።

ለ. ለቤተሰባችን ራሳችን እንንገር። እናትና አባት ከጎረቤት ከሚሰሙ ከልጃቸው አፍ ቢሰሙ ይሻላል። «እማዬ፣ እስከ መጨረሻው ደርሼ ነበር፤ በዚህኛው አልተሳካም፤ የሚቀጥለው በዚህ ወር ይወጣል» ማለት በቂ ነው። ለታላላቆቻችን እውነቱን ስንነግራቸው ይመርቁናል እንጂ አይንቁንም። በመንገድ ለሚጠይቅም ሰው አጭር መልስ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠቅማል።

ሐ. እንጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከሥራ የተሰናበቱ መሐንዲሶች በቀን 20 ደቂቃ ለ5 ተከታታይ ቀናት ስለ ደረሰባቸው ነገርና ስለ ስሜታቸው እንዲጽፉ ተደረገ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሌላ ተራ ነገር ከጻፉትና ምንም ካልጻፉት ይልቅ ቶሎ ሥራ አግኝተዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ደግሞ ከመምህር እጅ አይጠፋም።

መ. እንጠይቅ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ በትሕትና «የቱ ላይ ዝቅ ያለ ነጥብ እንዳገኘሁ ቢነግሩኝ ለወደፊቱ እዘጋጅበት ነበር» ማለት ነውር አይደለም። ሁሉም ይመልሳል አንልም። አንድ ሰው እንኳ «የጽሑፉ ደህና ነበር፣ የክፍል አያያዝህ ነው የጎደለው» ካለን ትልቅ ትምህርት አገኘን ማለት ነው። ተጠባባቂ ከሆንን ደግሞ ስንተኛ እንደሆንንና እስከ መቼ እንደሚጸና ጠይቀን እንመዝግብ።

ሠ. የቀን ሰሌዳችንን አንጣል። በኦስትሪያ ማሪየንታል በምትባል መንደር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘግቶ ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ ነበር። ማሪ ያሆዳና ጓደኞቿ መንደሪቱን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተሙ። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ስለሚተርፈው ብዙ ያነባል ተብሎ ይገመት ይሆናል። የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ የመጻሕፍት ቤቱ ክፍያ ከቀረ በኋላ እንኳ የተዋሾች ብዛት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ሰዓት ይዘው የሰዉን አረማመድ ሲለኩም ወንዶቹ በመንገድ ላይ ዝግ ብለው፣ በየመካከሉ እየቆሙ ሲሄዱ አዩ። ሴቶቹ ግን የቤቱ ሥራ ስለማይቆምላቸው ፈጠን ብለው ይራመዱ ነበር። ሥራ ሲታጣ ከገንዘቡ ሌላ የቀኑም ቅርጽ ይጠፋል ማለት ነው። እኛም አገር ይህን እናውቀዋለን። ሳምንቱ በሙሉ በርጫ ላይ ካለፈ፣ ሌሊቱ በሐሳብ ካለቀ፣ ጠዋት የሚያስነሣ ጉዳይ ከሌለ፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣውን ማስታወቂያ ማን ያነበዋል? ስለዚህ በተወሰነ ሰዓት መነሣት፣ በተወሰነ ሰዓት ማንበብ፣ ለጎረቤት ልጆች ማስጠናት፣ ቤተሰብን በሥራ መርዳት ያስፈልጋል። በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎቹን ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ደንበኛ ባይኖርም መኪናው ይጠረጋል፣ ዘይት ይቀባል፣ ቁርጥራጩ ይሰፋል።

ረ. ሌላውን በር እንይ። በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የታነጸው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ቀድሞ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። የመሸበት መንገደኛ ከውጭ ያድርና ሲነጋ ይገባል እንጂ ከተማይቱ ጠፋች ብሎ አገሩ አይመለስም። ለእኛም ከተማ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት ባይሳካ ገጠር ወረዳ አለ፤ የመንግሥት ባይሆን የግል አለ፤ የጎልማሶች ትምህርት አለ። የተዘጋብን አንድ በር ነው፤ ይህን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

እኛም ነገ «አላለፋችሁም» ባዮች ነን

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። መምህር ማለት በየሳምንቱ ለልጆች ውጤት የሚሰጥ ሰው ነው። ነገ እኛ በምንመልሰው የፈተና ወረቀት ላይ አንድ የ10 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን «አላለፍክም» ያነባል። አንዳንዶቻችንም ርእሰ መምህር ሆነን ከፈታኞች ወንበር እንቀመጥ ይሆናል። ያኔ ዛሬ የጻፍነውን ማስታወስ ይኖርብናል። ውጤት በተባለው ቀን ይነገር። ላላለፈው ሰው ዝምታ አይሰጠው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ። የልጁን ወረቀት ስንመልስ ከቀዩ ምልክት አጠገብ የቱን ቢያስተካክል እንደሚያልፍ አንድ መስመር እንጻፍለት። የወደቀውን ልጅ ስም በክፍል ፊት ጮክ ብሎ መጥራትም ይቅር፤ ልጁ ለሰው ዓይን ያለው አቅም ከኛም ያነሰ ነው።

በመጨረሻም ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከመመረቃችን በፊት ባለው የመጨረሻ መንፈቅ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የቃለ መጠይቅና የናሙና ትምህርት ልምምድ ቢደረግ መልካም ነው። ሦስታችን ፈታኝ፣ አንዳችን ተፈታኝ እንሁን፤ መምህራኖቻችንም ተገኝተው ይተቹን። በልምምዱ መጨረሻ ተፈታኙ የሚነገረው «አለፍክ» ወይም «አላለፍክም» የሚል ቃል ብቻ አይሁን፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ጭምር ተጽፎ ይሰጠው። ያን ወረቀት የያዘ እጩ መምህር ስሙ አንድ ቀን ከሰሌዳ ላይ ቢታጣ እንኳ በማግስቱ ጠዋት ምን እንደሚሠራ ያውቃል።